ማክሰኞ ወረቀት አይጠየቅም

ካዬሊህሌ ሰፈር፣ ደርባን አጠገብ፣ ደቡብ አፍሪካ
ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2011

ለተከበሩ አጎቴ ለሃምሳ አለቃ ሄንደርሰን ጄሬ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናና ሰላም ቀድመውት ቤትዎ ገብተው ያግኛቸው። ለአክስቴ ለኒያሞዮ እጅ እነሳለሁ። እኔና ልጅዎ ቪቱምቢኮ በጌታ ቸርነት አለን። እሱን የቤት ቀለም ቅብ ሥራው ፋታ ስለነሳው ሰላምታውን በእኔ በኩል ልኳል። እኔ ያው ከስፌት መኪናዬ ጋር ነኝ፤ ጃንዋሪን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ከርሜ ወገቤ አልቃና ብሏል። ስልክ እንደማይወዱ ስለማውቅ ደብዳቤውን የአውቶቡሱ ሹፌር ቺርዋ ይዞልኝ ይመጣል።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከዘመዶቼ ሃያ ሰባት ዓመት የፖሊስ ልብስ የለበሰ ከእርስዎ ሌላ የለኝም። እኛ ማላዊዎች የምንኖርበት ሰፈር ሌባ የለመደው ሰፈር ነው። አርብ ደመወዝ የተቀበለ ሰው ቤቱ ሲገባ ተከትለውት ይገባሉ። ወደ ጣቢያ ግን የሚሄድ የለም። ተረኛው ፖሊስ «ምን ተሰረቅህ?» ከማለቱ በፊት «የመኖሪያ ፈቃድህ የታለ?» ይላላ! ሌቦቹ ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል፤ በር ሲሰብሩ እንኳ አይቸኩሉም።

ባለፈው እሑድ ታዲያ አንዲት ፖሊስ ቤተ ክርስቲያናችን መጣች። አዲሷ የጣቢያው አዛዥ ናት፤ ሻምበል ዛንዲሌ ምኪዜ ትባላለች። ኮፍያዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። መዝሙሩ ሳያልቅ ከፊቷ ያሉት ሦስት አግዳሚዎች ባዶ ቀሩ። ፓስተሩ ዕድል ሲሰጣት «የእናንተ ሌባ የእኔም ሌባ ነው፤ ካልነገራችሁኝ ግን በምን አውቀዋለሁ?» አለች። አሜን ያለ አልነበረም። ዙሉኛ ስለምችል ስወጣ በር ላይ ያዘችኝና «አሥር ሰው አምጪልኝ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር» አለችኝ። እስካሁን እሺም እንቢም አላልኳትም። ፖሊስ «እመኑኝ» ሲል ሰው ምኑን አይቶ ነው የሚያምነው?

አክባሪዎ፣
ቲዎንጌ

*

ካፎቴ መንደር፣ ምዚምባ፣ ማላዊ
ማርች 9 ቀን 2011

ለልጄ ለቲዎንጌ፣

እናትሽን እህቴን ያሳረፈ አምላክ አንቺን በሰው አገር ያቁምሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ በቆሎው ቢያጥርም ፍሬው አይከፋም።

ለጠየቅሽኝ መልሴ አጭር ነው፤ ራቂ። ፖሊስ ነበርኩ፣ አውቀዋለሁ። ፖሊስ ፈገግ ሲልልሽ ጥርሱን ቁጠሪ። አሥር ሰው ይዘሽላት ብትሄጂ ነገ ሰፈሩ «ጆሮ ጠቢ» ይልሻል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሻምበሏ ትዛወራለች፤ አንቺ ግን እዚያው ነሽ። መርፌሽን ያዢ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ቪቱምቢኮ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። በየወሩ ሁለት መስመርም ቢሆን በራሱ እጅ ይጽፍልኝ ነበር። ከገና ወዲህ ግን የእሱን ጽሕፈት አላየሁም። የቀለሙ ሥራ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይውሰደው እሺ፣ እሑድን ማን ወሰደበት? የብስክሌት ጎማ እንዲልክልኝ ጠይቄው ነበር፤ ጎማው ይቅር። አንድ መስመር ይጻፍልኝ፤ እናቱ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ፊቴን እያየች ነው።

አጎትሽ፣
ሄንደርሰን ጄሬ

*

ካዬሊህሌ
ኤፕሪል 17 ቀን 2011

ለተከበሩ አጎቴ፣

የቤትዎ ጣሪያ በረከት ያፍስስ። ምክርዎ ደርሶኛል፤ ደጋግሜም አንብቤዋለሁ። ሳልሰማዎት ስለቀረሁ ይቅር ይበሉኝ።

አሥር አላገኘሁም፣ ስድስት ሰው ይዤ ሄድኩ። በር ላይ ኮንስታብል ንድሎቩ የሚባል ተረኛ መዝገቡን ገልጦ «ስም፣ አገር፣ ፈቃድ» አለ። ስድስቱም እንደ ቆቅ ብር ብለው ጠፉ። ብቻዬን ቀርቼ ሻምበሏ ስትወጣ፣ «እንግዳ ብለሽ ጠርተሽን ሰውሽ ሌባ ብሎ ቆጠረን» አልኳት። ጮኬም ነበር መሰለኝ፣ ግቢው ሁሉ ዞሮ አየን። ሻምበሏ አልተቆጣችም። «ልክ ነሽ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ» አለች።

መጣች። መኪና የለ፣ አጃቢ የለ፤ በእግሯ። ልብስ ሰፊዎቹ ሴቶች ግቢ ውስጥ ምሳ ቀርቦ ነበር፤ የበቆሎ ገንፎ ሲማችንና ትንንሾቹ ኡሲፓ ዓሣዎች። ኒያሎንግዌ የምትባለውን ጓደኛዬን ቢያውቋት፣ አፏ አያርፍም።

«ሻምበል፣ ሹካ የለንም። በእጅሽ ትበያለሽ ወይስ ታስሪናለሽ?»

«እጄ ንጹሕ ነው፣ አቅርቢልኝ።»

«የዓሣው ዓይን አፍጦ ያይሻል እኮ፣ ትፈሪያለሽ?»

«እናንተስ ካፈጠጣችሁብኝ ስንት ጊዜያችሁ!» አለችና ትንሿን ዓሣ ከነራሷ ጎረሰቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ያኔ ነው ከወንዶቹ አንዱ ተነስቶ «የተሰረቅነውን ብንነግርሽ ነገ ወደ ድንበር የሚወስደን መኪና ይመጣል?» ብሎ የጠየቃት። እሷም ያለችውን እንዳለ ልጻፍልዎ፤ «ፈቃድ መስጠትም መከልከልም የእኔ ሥራ አይደለም፤ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት አላዘውም፣ ስለሱም ቃል አልገባላችሁም። በእኔ ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ግን አቤቱታ ይዞ የመጣ ሰው ወረቀት አይጠየቅም። ከሳምንት በፊት አለመከልከሌ ጥፋቴ ነው።»

የማትችለውን አልችልም ስላለች ነው መሰለኝ ያመንኳት። አሁን በየማክሰኞው ጠዋት ጣቢያው ውስጥ እሷ ባዘጋጀችልን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። ግድግዳው ላይ «እዚህ ወረቀት አይጠየቅም» የሚል በአራት ቋንቋ ለጥፈናል። ባለፉት ሁለት ማክሰኞዎች የመጣ ሰው ግን የለም። ኮንስታብል ንድሎቩ ጥርሱን እየፋቀ ያየኛል። በመጪውም ማክሰኞ እሄዳለሁ።

ቪቱምቢኮ ሰላም ብሎዎታል። እጁ ሥራ በዝቶበት ነው።

ቲዎንጌ

*

ካፎቴ
ጁላይ 20 ቀን 2011

ለቲዎንጌ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሦስት ወር ዝም ያልኩት ስላልቻልኩ ሳይሆን ስለተናደድኩ ነው። ሹፌሩ ቺርዋን ምዙዙ ከተማ ድረስ ሄጄ አፋጥጬ ጠየቅኩት። የልጄን ቀኝ እጅ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዳየው ነገረኝ። «እጁ ሥራ በዝቶበት ነው» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ እድሜዬን ሙሉ ሰዎች ጠረጴዛ ማዶ ቆመው ሲዋሹኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንቺ ደግሞ አትችይበትም። ጻፊልኝ፤ የሆነውን እንደሆነ። ለእናቱ እስካሁን አልነገርኳትም።

የልጄን ጽሕፈት ስጠብቅ የከረምኩባቸው ወራት ግን አንድ ነገር አስታወሱኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በ1989 የሞዛምቢክ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች አገራችንን ሞልተው ነበር። እኔ ከሰፈራቸው አጠገብ ያለ ጣቢያ ተመድቤ ነበር፤ የጣቢያው ስም ይቅር። አንድ ቀን ዴልፊና የምትባል ሴት መጥታ የራሽን እህሏን የቀማትን ሰው አውቀዋለሁ አለችኝ። «መጀመሪያ የስደተኛ ካርድሽን» አልኳት። «ከጆንያው ጋር ወሰደው» አለች። «እንግዲያው በካርድ ተመለሺ» አልኳት፤ እስክሪብቶዬን እንኳ አላነሳሁም። ቆማ አየችኝና ወጣች። በአሥራ አምስት ቀኑ ያው ሰው የአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ፈለጠ። የገዳዩን ስም ልትነግረኝ መጥታ ነበር። በኋላ ልጠይቃት ብሄድ ከበሯ አልወጣችም፤ ልክ ናት።

ራቂ ያልኩሽ ስለ ሻምበሏ አውቄ አይደለም፤ ራሴን አውቄ ነው። ሴትዮዋ እውነት ወረቀት የማትጠይቅ ከሆነ ከእኔ ትሻላለች። ጠረጴዛሽን አትልቀቂ።

አጎትሽ

*

ካዬሊህሌ
ኦገስት 14 ቀን 2011

ለተከበሩ አጎቴ፣

እግርዎ ሥር ወድቄ ነው የምጽፈው። እንዳልነግርዎ ቪቱ አስምሎኝ ነበር፤ አሁን ከመሐላዬ ፈትቶኛል።

ከገና በፊት ባለው አርብ ሦስት ሰዎች ቤታችንን ሰብረው ገቡ። ቪቱ በሩን ይዞ እኔን በኋላ መስኮት አስወጣኝ። በገጀራ ቀኝ እጁን መቱት። ሐኪም ሰፍቶለታል፤ ሁለት ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ፈቃዱ ካለፈበት ዓመት ስለሆነው ሆስፒታሉ ፎርም ሲያመጣለት ከአልጋው ወርዶ ጠፋ። ብሩሽ በግራ እጁ መያዝ ስለለመደ አሁን ይሠራል፣ በፊት የሚያገኘውን ግማሽ። ከሦስቱ አንዱን አውቆታል፤ መንገድ ጥግ የስልክ ካርድ የሚሸጠው ሙዚ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ቪቱ በየቀኑ በአጠገቡ ሲያልፍ «ጓዴ፣ እጅህ እንዴት ነው?» ይለው ነበር።

በጁን እነዚያው ሰዎች የሰፈራችን ኮንጓዊ ፀጉር አስተካካይ ቤት ገቡና አንድ ዓይኑን አጠፉበት። ቪቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም። «ብናገር ኖሮ...» ይልና ይተወዋል። እኔም በየማክሰኞው ጠረጴዛዬ ላይ ሄጄ ቁጭ እያልኩ ቤቴ ያለውን ሰው ለማምጣት አፌ አልደፈረም። የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርስ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የዴልፊናን ነገር እንደገና አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት። ከዚያ፣ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው?» አለ።

ጠረጴዛው ላይ የነበረው ያው ንድሎቩ ነበር። ቪቱን ሲያየው አፉ ልማዱን ይዞ ወጣ፤ «ፈቃድ...» አለና ቆመ። ግድግዳውን አየ፤ የቪቱን እጅ አየ። ተነስቶ ወንበር ሳበለት።

«ተቀመጥ ወንድሜ። ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

ቪቱ ሦስት ሰዓት ተናገረ። እኔ ስተረጉም ድምፄ ሲቆረጥ ንድሎቩ ውሃ ያመጣልኝ ነበር። ሲጨርሱ ቃሉን በግራ እጁ ፈረመ። ሙዚና አንድ ጓደኛው በነጋታው ተያዙ። በሦስተኛው ቀን ጣሪያችን ላይ ድንጋይ ዘነበ። የቤታችን ባለቤት ማኩማሎ ዙሉ ናት፣ ስልሳ ዓመት አልፏታል። መጥረጊያዋን ይዛ መንገዱ መሃል ወጣችና «የማን ልጅ ነው የእኔን ቆርቆሮ የሚወግረው? እናትህን አውቃታለሁ! አንተንም ጡጦ ስትጠባ አውቅሃለሁ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቶቿም አንድ በአንድ ወጥተው አጠገቧ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ የለም። ያለፈው ማክሰኞ አሥራ አራት ሰው መጣ፤ ሁለቱ ሶማሌ ነጋዴዎች ናቸው።

ከዚህ በታች ያለው የራሱ ጽሕፈት ነው።

*አባዬ። ጽሕፈቴ ተጣሟል። ደህና ነኝ። ለእማዬ አንተ ንገራት። ፍርድ ቤት እቆማለሁ። ቪቱ።*

*

ካፎቴ
ሴፕቴምበር 11 ቀን 2011

ልጆቼ፣

ለእናቱ ነገርኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ ተነስታ ዶሮ አረደችና ጎረቤት ጠራች። ልጄ በሩን ይዞ ዘመዱን አዳነ ብላ።

ቪቱምቢኮ፣ የምስክር ነገር ልንገርህ። ዓይንህ ያየውን ብቻ ተናገር፤ የሰማኸውን ተው። የተከሳሹ ጠበቃ ሊያናድድህ ይሞክራል፤ ሥራው ነውና ተንፍሰህ መልስ። ፈቃድ እንደሌለህ ከጠየቀህ የለኝም በል። ውሸት ከወረቀት ማጣት ይልቅ ምስክርን ይጥላል። ተከሳሹን አትመልከት፣ ዳኛውን ተመልከት። ቲዎንጌ፣ ብቻውን እንዳይቆም።

አባትህ

*

ካዬሊህሌ
ጃንዋሪ 29 ቀን 2012

ለተከበሩ አጎቴ፣

አዲሱ ዓመት በደስታ ይቀበልዎ።

ፍርድ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ኒያሎንግዌ ግማሽ ቤተ ክርስቲያኑን ይዛ መጣች፤ ማኩማሎ ባርኔጣዋን አድርጋ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠበቃው እርስዎ እንዳሉት ጠየቀው። «በሕገ ወጥ መንገድ ነው የምትኖረው፣ አይደለም?» ቪቱ ዳኛዋን እያየ «ፈቃዴ አልፎበታል። እጄን በገጀራ የመታኝ ግን ይህ ሰው ነው» አለ። ኮንጓዊው ፀጉር አስተካካይም መሰከረ። ሙዚ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሁለተኛው ማስረጃ አልሞላም ተብሎ ተለቀቀ፤ መንገድ ላይ እናየዋለን፣ እሱ ነው አንገቱን የሚሰብረው። ሦስተኛው አልተገኘም።

የቪቱን ፈቃድ ሻምበሏ አላሰጠችውም፤ እንደማትችልም ነግራን ነበር። ምስክር ሆኖ እንደቆመ የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፋለት የስድስት ወር ፈቃድ ተሰጥቶታል። ከዚያ በኋላ ያለውን አናውቅም።

እርስዎ እንደተነበዩትም ሻምበሏ ተዛወረች። የተተካው አዛዥ ጠረጴዛችንን ወደ መጋዘን አስገባው። «ይህ የፖሊስ ጣቢያ እንጂ የዘመድ ቤት አይደለም» አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት ስሄድ ሰው ተሰልፎ አገኘሁ፤ ቆጠርኩ፣ አርባ አንድ ነበርን። ማንም አልጮኸም። ሰልፉ እስከ አትክልት ተራው ድረስ ደረሰ፤ ማኩማሎና አራት የዙሉ ሴቶችም ገቡበት። አዛዡ በመስኮት ብቅ ብሎ «ማን ነው የጠራችሁ?» አለ። ማኩማሎ መለሰችለት። «ማክሰኞ ነው እኮ፣ አንተ ልጅ!»

ጠረጴዛውን ተሸክሞ ያወጣው ንድሎቩ ነው፤ ማንም ሳያዘው። አዛዡ አየውና መስኮቱን ዘጋ። ለጊዜው ይኸው ነው ያገኘነው። የሚቀጥለው ማክሰኞም እንሄዳለን።

ቲዎንጌ

*

ካፎቴ
ማርች 4 ቀን 2012

ለልጆቼ ለቲዎንጌና ለቪቱምቢኮ፣

የቆማችሁበት መሬት ይጽናላችሁ። ደብዳቤሽን ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አነበብኩት። አሁን ደግሞ የእኔን ስሙኝ።

ባለፈው ሳምንት ከታንዛኒያ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ከከተማ ወጣ ብሎ ተያዘ። ሾፌሩ አምልጧል። ከበቆሎው ጆንያ ሥር አሥራ ዘጠኝ ወጣቶች ተገኙ፤ ከኬንያም ማዶ ካለች ኢትዮጵያ ከምትባል አገር የተነሱ ናቸው፣ ወደ እናንተ ወደ ደቡብ የሚሄዱ። እኛ ጣቢያ ታሰሩ። አዛዡ ወጣት መኮንን ነው፣ እኔ ያሠለጠንኩት ሰው ልጅ። ሁለት ቀን ጠይቋቸው አንድ ቃል አልመለሱለትም። በሰማሁ ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ብስክሌቴን ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሊሠሩ መጡ?» አለኝ።

«ልቀመጥ።»

«ምን ሊጠይቋቸው ነው?»

«ምንም።»

ኒያሞዮ ያዘጋጀችውን ቶብዋ፣ ጣፋጩን የበቆሎ መጠጣችንን፣ በባልዲ ይዤ ገባሁ። ኮፍያዬን አወለቅኩ፤ መሬት ላይ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እኔ ጠጣሁ፣ ከዚያ እነሱ። ደረቴን ነክቼ «ሄንደርሰን» አልኩ። በነጋታው ተመለስኩ። አዛዡንም ዩኒፎርሙን አውልቆ እንዲገባ ለመንኩት፤ አፍሮ ነበር፣ ግን ገባ። ስዋሂሊ የሚያውቅ የጨርቅ ነጋዴም ከገበያ አመጣሁ፤ ከልጆቹ አንዱ መጠጡን ሲቀበል በስዋሂሊ አመስግኖኝ ነበርና። «ስለ ወረቀት አልጠይቃችሁም፤ የታመመ አለ ወይ?» አስባልኩት።

ያ ልጅ ጓደኞቹን አየ። በቋንቋቸው ረጅም ተነጋገሩ፤ አንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዱ አለቀሰ። ከዚያ ልጁ ሁለት ጣት አሳየኝና ወደ ቪፒያ ተራራ ጠቆመ። ሁለት ሰዎች መታመማቸውን አይቶ ሾፌሩ ጥዱ ደን ውስጥ ጥሏቸው ነበር። ፖሊስ እንዳይዛቸው ብለው ነው ያልተናገሩት፤ ዝም ካሉ የሚያድኗቸው መስሏቸው።

አዛዡ መኪናውን አስነሳ። ልጁን ፊት ወንበር ላይ ካቴና ሳያደርግበት አስቀመጠው። እኔም በዚህ እድሜዬ ከኋላ ተጫንኩ። ከቀትር እስከ ጀምበር መጥለቂያ ፈለግን። ሁለቱም በሕይወት ነበሩ፤ አንዱ ጥድ ሥር ጓደኛውን ታቅፎ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ። አሁን ምዙዙ ሆስፒታል ናቸው። ከዚያ ወዴት እንደሚላኩ አዛዡ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም፤ ለልጆቹም እንደማናውቅ ነግረናቸዋል።

ትናንት ልሰናበታቸው ገባሁ። አሥራ ዘጠኙም ተነስተው ቆሙ። ያ ስዋሂሊ የሚችለው ልጅ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ «አባባ» አለኝ። ሌሎቹም ተከትለውት አሉ። ነጋዴው ትርጉሙን ሊነግረኝ አፉን ከፈተ፤ እኔ ግን በእጄ ከለከልኩት፣ ገብቶኝ ነበርና።

ሄንደርሰን ጄሬ